ኡቤ ማካሮን በኮኮናት፦ በዱባይ ኩሽና አምስት ጊዜ የተጋገረ ስጦታ

ዱባይ ውስጥ በሆቴል ፔስትሪ ክፍል 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ማካሮን በየሳምንቱ እጋግር ነበር፤ ከአልሞንድ ዱቄት፣ ከስኳርና ከእንቁላል ነጭ በተሠሩ ሁለት ትንንሽ ቅርፊቶች መሃል መሙያ የሚገባበት ጣፋጭ ነው። ግን ማካሮን ለምን እንደሚበላሽ በደንብ የገባኝ ሆቴል ውስጥ ሳይሆን ጎረቤቴ ቤት ነው። ሆቴል ውስጥ አየሩ ደረቅ ነው፣ ኦቨኑ ትክክለኛ ነው፣ ሚዛኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሰው ቤት ግን ከእነዚህ አንዱም ላይኖር ይችላል። ጎረቤቴ ያለፈችበትን መንገድ በእሷ ፈቃድ ጽፌዋለሁ። ስሟንም፣ የባልደረባዋንም ስም አልጠቅስም።

መነሻው

ጎረቤቴ አንድ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራለች። አብራት የምትሠራ አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ አለች። ሁሉም "አቴ" ይሏታል። በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እኅት ማለት ነው፤ እኛ "እትዬ" እንደምንለው። ጎረቤቴ ሥራ ስትጀምር እንግሊዝኛዋ ደካማ ነበር። የቀጠሮ መዝገቡን፣ ስልክ አነሣሡን፣ ከሰው ጋር አነጋገሩን ሁሉ ያስተማረቻት አቴ ነች። አሁን አቴ ጠቅልላ ወደ አገሯ ልትገባ ነው። አገሯ ቦሆል የምትባል ደሴት ናት።

ቦሆል በኡቤዋ፣ ሐምራዊ በሆነው የሥር ምግብ፣ የታወቀች ናት። ኪናምፓይ የሚባለው መዓዛማው የኡቤ ዓይነት የዚያ ነው። አቴ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የነገረቻት ነገር ጎረቤቴን ነካት። በቦሆል ኡቤ መሬት ላይ ከወደቀ አንሥተው ይስሙታል። በረሃብ ዘመን ሕዝቡን ያቆየ ምግብ ስለሆነ ክብር አለው። "እናቴም የወደቀ ዳቦ ስማ ነው የምታነሣው" አለቻት ጎረቤቴ። ስንብቱን በኡቤ ለማድረግ የወሰነችው ያን ቀን ነው።

ማካሮን የመረጠችው አቴ ስለምትወደው ነው። መደብር ውስጥ ግን ዋጋው ከባድ ነው፣ 36 ፍሬ መግዛት አልቻለችም። ጊዜው ነሐሴ አጋማሽ ነበር። የስንብቱ ቀን መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ስድስት ሳምንት ነበራት።

ኡቤ ከየትኛው ወገን ነው

ኡቤ የቦዬ ዘመድ ነው። ወላይታ ወይም ሲዳማ ያደገ ሰው ቦዬን ያውቀዋል፤ እዚያ ግን ውስጡ ብዙ ጊዜ ነጭ ወይም ቢጫማ ነው። ኡቤ ሲቆረጥ ውስጡ ደማቅ ሐምራዊ ነው። ጣዕሙ ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ቫኒላ፣ ትንሽ የተቆላ ፍሬ ይመስላል። ጎደሬ አይደለም። ሐምራዊ ስኳር ድንችም አይደለም። ጎረቤቴ መጀመሪያ የገዛችው ስኳር ድንቹን ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትክክለኛውን ሳትዋ በሚባለው የዱባይ ሰፈር ከፊሊፒኖች ሱቅ አገኘችው፣ ተፍቆ በረዶ የሆነውን፣ በ500 ግራም ፓኬት።

ፊሊፒኖች ከኡቤ በብዛት የሚሠሩት "ሃላያ" የሚባል ወፍራም ማርማላታ ነው። በባጊዮ ከተማ መነኮሳት የሚያዘጋጁት በጣም ዝነኛ ነው። ኡቤው ይቀቀላል፣ ከኮኮናት ወተት፣ ከኮንደንስድ ወተትና ከገበታ ቅቤ ጋር በቀስታ እሳት ይማሰላል። ከድስቱ ግድግዳ እስኪላቀቅ 40 ወይም 50 ደቂቃ ይፈጃል። እጅ ማቆም አይቻልም። ጎረቤቴ ይህን ያለ ማንም እርዳታ በመጀመሪያው ቀን አሳክታዋለች። ገንፎ ያገነፋ እጅ ሃላያ አያቅተውም። የገንፎ ማማሰያዋን ይዛ ቆማ ስታማስል ሳይ በጣም ደስ አለኝ። ከዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ ያልተበላሸው ብቸኛ ነገር ሃላያው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች

የመጀመሪያው ቀን ከቪዲዮ ያየችውን በኩባያ እየለካች ሠራች። የእንቁላል ነጭ መታች፣ የአልሞንድ ዱቄትና ዱቄት ስኳር ጨመረች። ከዚያ ሦስት ማንኪያ ሃላያ ሊጡ ውስጥ ከተተች። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ የኡቤ ማካሮን ከሆነ ኡቤ ይግባበት ነው። ኦቨን ውስጥ ግን ሁሉም ተያይዞ አንድ ትልቅ ቂጣ ሆነ። ማካሮን ከሥሩ "እግር" የሚባል ትንሽ ጥርስ ጥርስ ያለ ዳር ያወጣል። አንዱም አላወጣም።

በሁለተኛው ሃላያውን ትታ የኡቤ ዱቄት ተጠቀመች። በመስኮቱ አጠገብ ሁለት ሰዓት እንዲደርቅ ተወችው። አልደረቀም። ቢሆንም አስገባችው። አብዛኛው ፊቱ ተሰነጣጠቀ። ሐምራዊው ቀለም ደግሞ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ዞረ። ያን ማታ ደወለችልኝ። "እኅቴ፣ እጄ ነው መሰለኝ" አለች። እጇ እንዳልሆነ ለማሳየት ጊዜ ወሰደብን።

ሦስተኛው ቀን፦ መጀመሪያ ማየት

ሄድኩና እንደምትሠራው ሥሪ አልኳት። ምንም አላረምኩም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ደብተር ያዝኩ። ይህን የማደርገው በምክንያት ነው። ሰው የተበላሸበትን ሲነግረን ራሱ የጠረጠረውን ነው የሚነግረን። እውነተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ እሱ ትኩረት ያልሰጠው ቦታ ላይ ነው።

አራት ነገር ጻፍኩ። አንደኛ፣ ኩባያ። ያንኑ ኩባያ የአልሞንድ ዱቄት ሁለት ጊዜ ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው በ18 ግራም ተለያየ፤ አንዱ ጊዜ ጠቅጥቃዋለች፣ ሌላ ጊዜ ነስንሳዋለች። ሁለተኛ፣ የተከፈተው መስኮት። የዱባይ የነሐሴ አየር እርጥበቱ ልብስ ላይ ይጣበቃል። ስኳር ያንን እርጥበት ይስባል። ለማድረቅ ያስቀመጠችው ማካሮን መስኮቱ ሥር ሆኖ ውኃ ይጠጣ ነበር። ሦስተኛ፣ እንቁላሉን ስትለይ ጠብታ አስኳል ገብቶ ነበር። አስኳል ስብ አለው፣ ስብ አረፋ ይሰብራል። አራተኛ፣ ኦቨኑ።

ኦቨኑ በጋዝ የሚሠራ ትንሽ ነው፣ እሳቱ ከታች። እኔ ቤት ያለውን የኦቨን ቴርሞሜትር ውስጡ ሰቀልነው። መቆጣጠሪያው 150 ይላል፣ ቴርሞሜትሩ 180 አነበበ። ይህ ልዩነት ለድፎ ዳቦ ብዙ ላይሆን ይችላል። ለማካሮን ግን ብዙ ነው። በ180 ላዩ ፈጥኖ ይበስላል፣ ውስጡ ያለው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ላዩን ሰንጥቆ ይወጣል። ያን ቀን የጋገረችውም ተሰነጠቀ። ላዩም ቡናማ ሆነ። ሐምራዊ ላይ የመጋገር ቢጫነት ሲያርፍበት የጭቃ ቀለም ይሰጣል፤ ለሌላ ማካሮን የማይታይ ጥፋት በኡቤ ላይ ወዲያው ይታያል።

ቀለሙ ለምን ሸሸ

ይህ ክፍል ትንሽ ይርዘም፣ ምክንያቱም ከጉዳዩ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።

ሦስት ብርጭቆ አስቀመጥን። በሦስቱም የኡቤ ዱቄት በውኃ በጠበጥን። አንዱን እንዳለ ተውነው። አንዱ ላይ የእንቁላል ነጭ ጨመርን። አንዱ ላይ ሎሚ ጨመቅን። የመጀመሪያው ሐምራዊ ሆኖ ቆየ። እንቁላል የገባበት ወደ ሰማያዊ ግራጫ ሄደ። ሎሚ የገባበት ወደ ሮዝ ቀላ። ጎረቤቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የኡቤ ቀለም አንቶሲያኒን ነው፣ ቀይ ጎመን ውስጥ ያለው ዓይነት። በአሲድ ይቀላል፣ ከአሲድ ተቃራኒ በሆነ ነገር ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይዞራል። የእንቁላል ነጭ ከምግብ ውስጥ አሲድ ካልሆኑት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። እንቁላሉ በቆየ ቁጥር ይህ ጠባዩ እየጨመረ ይሄዳል። ማካሮን ደግሞ በእንቁላል ነጭ ላይ የቆመ ጣፋጭ ነው። ስለዚህ የኡቤ ዱቄት ቅርፊቱ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ መሸሹ የእሷ ጥፋት አይደለም። ለመጋገር ሶዳ የሚገባበት የኡቤ ኬክ አረንጓዴ ሲሆን አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሎሚ ጨምረን ቀለሙን ልናስተካክል ሞከርን። ቀለሙ ትንሽ ተመለሰ፣ ግን እየደበዘዘ ነበር፣ ዱቄቱም ሊጡን ከበደው። በመጨረሻ ተስማማን፤ ቅርፊቱን በምግብ ቀለም ጄል ሐምራዊ እናደርገዋለን፣ እውነተኛውን ኡቤ ግን መሃል እናስገባዋለን። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ማታለል ያያል። እኔ አልስማማም። ቅርፊቱ የአልሞንድና የስኳር ነው፣ ጣዕም የሚሸከመው መሙያው ነው። መሃሉ 50 ደቂቃ የተማሰለ ሃላያ ካለበት ማንም አልተታለለም።

አራተኛው፦ ቅርፊቱ ተሳካ፣ ኮኮናቱ አበላሸው

በዚህ ጊዜ መስኮቱ ተዘጋ። የመኝታ ክፍሉን ኤሲ እርጥበት ማድረቂያው ላይ አድርገን ትሪዎቹን እዚያ አስቀመጥን። በ35 ደቂቃ ላዩ ደረቀ። በጣት ሲነካ አይጣበቅም። የኦቨኑን መቆጣጠሪያ 120 ላይ ስናደርገው እውነተኛው ሙቀት 145 አካባቢ ሆነ። ከታች ያለው እሳት እንዳይመታው ባዶ ትሪ ገልብጠን ከሥሩ አደረግን። ከ8 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሌላ ባዶ ትሪ አስገባን፣ ላዩ እንዳይጠቁር። እግር አወጣ! ሁለታችንም ኦቨኑ በር ላይ ተንበርክከን ነበር የምናየው።

ከዚያ የኮኮናት ክሬሙ መጣ። የገበታ ቅቤና ዱቄት ስኳር መታች፣ ከጣሳ የኮኮናት ወተት አፈሰሰችበት። ክሬሙ ተለያየ፤ ቅቤው ወዲህ፣ ውኃው ወዲያ። እየመታች መለሰችው፣ ሞላችው፣ ፍሪጅ አስገባችው። በማግሥቱ ቅርፊቱ እንደ ረጠበ ብስኩት ተልፈስፍሶ አገኘችው። አንዱ በእጇ ተቆረሰ።

እዚህ ላይ ቁጭ ብለን ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበብነው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልን። በመጀመሪያው ሃላያው ውስጥ ያለው ውኃ። በሁለተኛው የአየሩ ውኃ። በአራተኛው የኮኮናት ወተቱ ውኃ። ሦስት የተለያየ ጥፋት መስሎን የቆየው አንድ ነበር።

አምስተኛው፦ የሠራው መጠን

የኮኮናት ወተቱን ጣሳ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አሳደረችው። ጠዋት ሲከፈት ወፍራሙ ከላይ ረግቷል፣ ውኃው ከታች ነው። ወፍራሙን ብቻ በማንኪያ አነሣች። ደረቅ የኮኮናት ፍቅፋቂ በምጣድ ትንሽ አመስ አደረገችና በቡና መፍጫ አደቀቀችው። ሳይደቅ ሲቀር የክሬም መጭመቂያውን ጫፍ ይደፍነዋል፣ ያንንም አይተናል። የደቀቀው ኮኮናት ሌላም ጥቅም አለው፤ በክሬሙ ውስጥ የቀረውን ውኃ ይመጥጣል።

ለቅርፊቱ 100 ግራም የእንቁላል ነጭ፣ 130 ግራም የአልሞንድ ዱቄት፣ 130 ግራም ዱቄት ስኳር፣ 90 ግራም ደቃቅ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ክሬም ኦፍ ታርታር (የእንቁላል አረፋን የሚያጸና አሲዳማ ዱቄት)፣ ጥቂት ጠብታ ሐምራዊ ጄል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በጠርሙስ የሚሸጥ የኡቤ ማጣፈጫ። አልሞንዱና ዱቄት ስኳሩ አብረው ሁለት ጊዜ በወንፊት ይነፋሉ። ነጩ ከክሬም ኦፍ ታርታሩ ጋር አረፋ ሲይዝ ደቃቁ ስኳር በሦስት ጊዜ ይገባል፤ ሳህኑ ቢገለበጥ እስከማይንቀሳቀስ ድረስ ይመታል። ጄሉና ማጣፈጫው በመጨረሻ ይገባሉ። ከዚያ ዱቄቱን ማዋሃድ ነው። ሊጡ ከስፓቱላው እንደ ወፍራም ማር ሳይቆረጥ ሲወርድና የወረደው መስመር በ20 ሰከንድ ገደማ ሲጠፋ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማማሰል ያፈስሰዋል፣ ከዚያ በታች መተው ደግሞ ላዩን ጫፍ ጫፍ ያስመስለዋል። በቃላት ብዙ ላስረዳው ሞክሬ ነበር፤ የገባት ግን ራሷ አንድ ጊዜ አብዝታ ካየች በኋላ ነው።

ለመሙያው 100 ግራም ለስላሳ የገበታ ቅቤ፣ 60 ግራም ዱቄት ስኳር፣ 40 ግራም ወፍራም የኮኮናት ክሬም፣ 25 ግራም የደቀቀ ኮኮናት። ቅቤውና የኮኮናት ክሬሙ እኩል የክፍል ሙቀት ላይ መሆን አለባቸው፣ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ይለያያል። ክሬሙ በዳሩ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይጨመቃል። መሃሉ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሃላያ ይቀመጣል። ቅቤው ግድግዳ ሆኖ የሃላያው እርጥበት ወደ ዳሩ እንዳይሄድ ያግዳል።

በ145 ዲግሪ 16 ደቂቃ፣ አንድ ትሪ ብቻ በአንድ ጊዜ። ይህን መጠን ሁለት ጊዜ ሠርታ ከሁለቱ ዙር 38 ጥንድ ጥሩ ማካሮን አገኘች። 24 ሰዓት በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ አደረ። ይህ ማሳደር የግድ ነው። በዚያው ቀን ቢበላ ቅርፊቱ ይደርቃል፤ ሲያድር ግን ከመሙያው ልክ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይለሰልሳል።

ሳይፈታ የቀረው

ቅርፊቱን ስትቆርሰው አንዳንዱ ውስጡ ባዶ ነበር። በአብዛኛው ይህ የሚመጣው አረፋው ከልክ በላይ ሲመታ ወይም ውስጡ ሳይበስል ሲወጣ ነው። ሙቀቱን ወደ 140 አውርደን ጊዜውን ወደ 18 ደቂቃ ስናረዝም ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። የጋዝ ኦቨኑ የግራ ጎንም ሁልጊዜ ይቀድማል። ትሪውን መሃል ላይ ማዞር ረዳ፣ ግን በር በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወድቃል። ለስጦታ የሚሆነውን ከቀኙ መምረጥ ነበረባት።

ከተበላሹት ጥቂቱን እንኳ አልጣለችም። ሰባብራ ከሃላያው ጋር በብርጭቆ ደራርባ ለቤት ጓደኞቿ ሰጠቻቸው። የቀረው አስኳል ደግሞ ፊሊፒኖች ሌቼ ፍላን የሚሉት ካራሜል ያለበት ጣፋጭ ሆነ፤ በአስኳል የሚሠራ ስለሆነ ለማካሮን ጋጋሪ ከሱ የተሻለ አላውቅም።

ለሌላ ሥራም የሚሆነው

እኔ ከዚህ የወሰድኩት ዋናው ነገር፣ አዲስ ጣዕም ወደ ስስ ጣፋጭ ስናስገባ መጀመሪያ "ምን ያህል ውኃ ይዞ ይመጣል?" ብሎ መጠየቅ ነው። ማንጎም፣ ዝንጅብልም፣ ቴምርም ቢሆን። ውኃ ያለው ነገር ወደ መሙያው፣ ደረቁ ወደ ቅርፊቱ።

ሁለተኛው ደብተሩ ነው። ከሦስተኛው ቀን በፊት ጎረቤቴ በየሙከራው ሦስት አራት ነገር አንድ ላይ ትቀይር ነበር። ስለዚህ ሲሻልም ሲብስም ከየትኛው እንደሆነ አታውቅም። በኋላ በቻልን መጠን የምንቀይረውን ቀነስን፣ እያንዳንዱንም ጻፍን። ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ ደግሞ ከሚክሰር በፊት ሚዛንና የኦቨን ቴርሞሜትር ግዙ። እሷ ነጩን በ40 ድርሃም የእጅ ሚክሰር ነው የመታችው፣ ምንም አልጎደለውም።

ስጦታ ለምትሰጡ ደግሞ፣ አልሞንድ የማይስማማው ሰው አለና አስቀድማችሁ ጠይቁ። እንቁላልና ቅቤ ስላለው ለጾም አይሆንም፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም እንግዳ ካላችሁ ቀኑን አስቡ።

የስንብቱ ቀን

መስከረም መጨረሻም ቢሆን ዱባይ ትሞቃለች። ሳጥኑን በረዶ ከረጢት ባለበት የምሳ ቦርሳ ይዛ በሜትሮ ሄደች። ክሊኒክ ስትደርስ ፍሪጅ አስገባችው፣ ከመቅረቡ 25 ደቂቃ በፊት አወጣችው።

አቴ አንዱን ከፈተችው። ክዳኑን አንሥታ መጀመሪያ መሃሉን ቀመሰች። ሃላያው መሆኑን ስታውቅ ዝም አለች፣ ከዚያ ማን እንዳማሰለው ጠየቀች። ጎረቤቴ እጇን አሳየቻት፤ ከማማሰያው የቀረ ውኃ የቋጠረ ጣት ነበራት። አቴ እጇን ይዛ ብዙ ቆየች።

ወደ ማታ ግን፣ እንደ ታላቅ እኅት ነውና፣ ጠጋ ብላ ነገረቻት። ኮኮናቱ ላይ ቁንጥር ጨው ይጎድለዋል። ቤታቸው ሁልጊዜ ይጨምራሉ። ጎረቤቴ ያን ማታ በሬን አንኳኳች፣ ደብተሩን ፈልጋ። የመሙያው መጠን ሥር "ጨው፣ 1 ግራም" ብላ ጻፈች።